ከአራት የሚጀምረው ሜትር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እትዬ ልክ የተወጋችበትን ቀን ቀርቶ ሰዓቱን አትረሳም። ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፤ ክር ልትገዛ ከዳር ሰፈር በአውቶቡስ መሃል ከተማ ወርዳ፣ እግረ መንገዷን ሱቋን ልታይ ብትደርስ ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ተቀይሯል። «የእትዬ ልክ ልብስ ስፌት» የሚለው ጠፍቶ «ሚጡ ዘመናዊ ልብስ ስፌት» ተተክቷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ሚጡ ታናሽ እህቷ ናት። እትዬ ልክ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጣታለች፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት እትዬ ልክ ናት፣ ሚጡ የሚለውንም ስም ያወጣችላት እሷው ናት። ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላም ለእትዬ ልክ ያው ሚጡ ነበረች። ስህተቱ ከዚህ ሳይጀምር አልቀረም።

የእትዬ ልክን ስም ያወጡላት ደግሞ ደንበኞቿ ናቸው። ልብሱን አልብሳ ወደ መስታወቱ ስታዞራቸው «አማረብህ»፣ «ጸዳሽ» ማለት አታውቅም፤ «ልክ!» ብላ ጀርባቸውን መታ ታደርጋለች፣ አለቀ። ሱቋ ከትልቁ ሆቴል ሥር፣ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያና አንድ መስታወት ከገቡ በኋላ መተንፈስ በተራ ነው። ነገር ግን በበሩ የማያልፍ ፍጡር የለም። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በምሳ ሰዓቱ ሱሪ ያሳጥራል፣ ነርሷ ከተረኛነት ስትወጣ ዚፕ ታስቀይራለች፣ ጨርሶ የማታውቀው ሰው «ይቺን ቁልፍ ብቻ» እያለ ይገባል። እትዬ ልክ ያንን ግርግር ትወደው ነበር። የመኪና ጥሩምባ ካልሰማች መርፌው አይታያትም እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

የሱቁ ሕግ አንድ ነው፤ አንዴ የተለካ ሰው ሁለተኛ አይለካም። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን በአንድ ወፍራም ደብተር ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ጨርቁን መላክ፣ ልብሱን መውሰድ ብቻ ነው። «ከማለቁ በፊት ትንሽ ልሞክረው?» የሚል ካለ ወዮለት። «ምነው፣ ተጠራጠርከኝ?» ትለዋለች፣ ሰውየውም አፍሮ ይሄዳል። ልብሱ አልቆ ስታለብሰው ልክ ነው።

መለካትና መቁረጥ የእሷ ብቻ ነበር። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ሚጡ አሥራ አንድ ዓመት አብራት ስትሠራ ሰፍታለች፣ ዘምዝማለች፣ ተኩሳለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ሠርታለች። በእጅ ስፌትማ አቻ አልነበራትም፤ ክሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ ዓይን አያገኘውም። መቁረጥ ግን አልተማረችም። «እትዬ፣ መቁረጥ መቼ ነው የምታስተምሪኝ?» ስትል መልሱ «ነገ» ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነገ።

እንግዲህ ይቺው ሚጡ ናት አንድ ቀን ካውያውን እያስቀመጠች እንዲህ ያለቻት፦

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ እኮ ወደ ዳር እየወጣ ነው። ከተማው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ሊቀር ነው። ቀደም ብለን እዚያ ቦታ ብንይዝስ? አንቺ ክፈቺው፣ እኔ እዚህ የተጀመረውን ጨርሼ እከተልሻለሁ። አየሩ ጥሩ ነው፣ ፀጥታ ነው፣ ለዓይን ጥሩ ነው።»

እትዬ ልክ ነገሩ አልጣማትም ነበር። ነገር ግን ያሳደገቻት ልጅ ናት፣ አመነቻት። የተጀመሩት ሥራዎች እስኪያልቁ ደብተሩን ለሚጡ ትታላት፣ መቀሷንና ሜትሯን ይዛ ወጣች።

ዳር ሰፈር ማለት የተዋጣለት ፀጥታ ነው። አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ አንድ ዓይነት ቤቶች ተሰልፈው ይተያያሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ሰዉን ሁሉ አፍሶ ይሄዳል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መልሶ ያፈሰዋል። በመካከሉ ያለው የውሻና የአትክልተኛ ነው። አዲሱ ሱቋ ሦስት የከተማውን ሱቅ የሚውጥ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ግድግዳው ነጭ ነበር፤ ያለ ሰው ግን ስፋት ምን ያደርጋል? የገዛ መቀሷ ድምፅ ያስደነግጣት ጀመር። በከተማ እንደለመደችው ሁለት ሰዓት ላይ ትከፍታለች፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትዘጋለች፣ እሁድ ታርፋለች። ጎረቤቷ፣ የትልቁ ሆቴል ልብስ አጣቢ፣ አንድ ሁለቴ መክራታለች።

«እትዬ፣ እዚህ ሰው የሚገኘው ሲመሽና እሁድ ነው። አንቺ ሰው ሲሄድ ትከፍቺያለሽ፣ ሰው ሲመጣ ትዘጊያለሽ።»

«እኔ እሁድ ሠርቼ አላውቅም። ሰዉ ይልመደኝ» አለቻት። ሰዉ አልለመዳትም።

ወደዚያ ማክሰኞ እንመለስ። እትዬ ልክ ሰሌዳውን አይታ ስትገባ፣ ሚጡ በመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ አዲስ ቢጫ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ነርሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዚፗን ትጠብቃለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች እትዬ ልክ፣ በጣቷ በሩን እያሳየች።

«እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ…»

«ምኑን?»

«የኪራዩ ውል ሲያልቅ ባለሆቴሉ ማን ይፈርማል አለኝ። አንቺ እዚያ ነሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ምን ልበለው?»

«ሱቁ የእህቴ ነው ብትዪውስ?»

ሚጡ ቢጫውን ሜትር በጣቷ መጠቅለል ጀመረች። ባለሆቴሉ የሕንፃው ባለቤት ነው፤ እሱ የፈረመው ፀንቷል ማለት ነው። ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ ነርሷ በደግ ልብ ጣልቃ ገባች።

«ውይ እትዬ፣ እንኳን አየሁሽ! ዓይንሽ ተሻለሽ?»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«እህትሽ ነገረችን እኮ። መርፌ ማየት አቃታት፣ እጇም ይንቀጠቀጣል፣ ለዚያ ነው ፀጥ ያለ ቦታ የወጣችው ብላ። አይዞሽ፣ እኔ የማውቀው ሐኪም አለ።»

የወጋት ይሄ ነው። ሱቅ ይወሰዳል፣ ሰሌዳ ይቀባል፤ ልብስ ሰፊን ግን ዓይኗ ጠፍቷል ብሎ በከተማው ማስወራት ከነነፍሷ መቅበር ነው። እትዬ ልክ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች፤ መንገዱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ነው፣ ሰው ይወረወራል፣ እሷ ግን በአንድ ጊዜ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ አስገባች። ቀና ብላ አየች። የሚያይላት ሰው አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ወደ ዳር ሰፈር የሚሄድ እሷ ብቻ ነበረች።

«ይህን ሳልመልስላት ከቀረሁ» አለች ለራሷ፣ «ያኔ በእውነት ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጣቢዋ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ወሬ ይዛ ብቅ አለች።

«ሰማሽ እትዬ? ሆቴላችን ታድሶ አለቀ። ጋሼ ባለሆቴሉ አርባ ሁለታችንንም አዲስ የደንብ ልብስ ሊያለብሰን ነው። ሥራውን ሚጡ ወሰደችው።»

እትዬ ልክ መርፌዋን አስቀመጠች። «ለካቻችሁ?»

«ምን ትለካናለች? አምና አንቺ ለክተሽን የለ! እስካሁን ማሳጠርና ዚፕ ብቻ ነበር የምትሠራው፤ አሁን በደብተርሽ ነው የምትቆርጠው። ‹የእህቴ ደብተር አይሳሳትም፣ ዓይኗ ደህና በነበረ ጊዜ የጻፈችው ነው› አለችው ጋሼን። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አንሶላ ይዤ።»

እትዬ ልክ መጀመሪያ አጣቢዋን ትክ ብላ አየቻት። ቀጥሎ ሳቅ ያዛት። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። አጣቢዋ ሴትየዋን ብቸኝነቱ ነካት እንዴ ብላ ሰጋች።

የሳቀችበትን ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ በዓለም አልነበረም። ሱቁን በከፈተች በመጀመሪያው ወር፣ ካውያ ሜትሯ ጫፍ ላይ ረስታ አቃጥላው ነበር። የተቃጠለውን ቆርጣ ጣለች፤ የቀረው ሜትር ታዲያ ከዜሮ ሳይሆን ከአራት ይጀምራል። ነገ አዲስ እገዛለሁ አለች። ያ ነገዋ እስኪመጣ ድረስ የደብተሩ ሩብ በዚያው ሜትር ተሞላ። ከዚያማ ለምን ትቀይረዋለች? በዚያው ለክታ በዚያው እስከቆረጠች ድረስ ልብሱ ልክ ነው። ጫፉን በጥቁር ጨርቅ ከፈፈችውና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረችበት። ሰባ ስድስት የሆነ ወገብ በእሷ ደብተር ሰማንያ ነው። አርባ ስድስት የሆነ ትከሻ ሃምሳ ነው። ደብተሩን ወስዶ ሜትሩን የተወ ሰው ሳጥኑን ይዞ ቁልፉን የረሳ ሌባ ነው።

አራት ሳንቲሜትር በብርድ ልብስ ላይ ምንም ማለት አይደለም። በኮሌታ ላይ ግን ጡጫ ያስገባል።

አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። እትዬ ልክ ይህን ታውቃለች፤ አልደወለችም። ጠዋት ተነስታ ስልኳን ታየዋለች፣ ቂሟን ታየዋለች፣ ቂሟ ይበልጥባታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱም ሞኙም አንድ ላይ ሚጡ ዘንድ ናቸው እያለች በባዶው ሱቅ ብቻዋን ትስቃለች። በአራተኛው ቀን ስልኩ ራሱ ጮኸ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» የሚጡ ድምፅ አነስ ብሏል።

«ዓይኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«እትዬ በሞቴ… አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የበር ጠባቂውን ትከሻ ሃምሳ ብለሽ ጽፈሻል። ሰውየው ቀጭን ነው። እውነት ሃምሳ ይሆናል?»

እትዬ ልክ ሜትሯን አንገቷ ላይ በእጇ ያዘችው። በአውራ ጣቷ ጥቁሩን ጫፍ ዳሰሰችው።

«እኔ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«ሃምሳ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደተጻፈው ነው የቆረጥኩት። እንደተጻፈው ቁረጪ።»

«እሺ እትዬ። ተባረኪ።»

ከተናገረችው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። እንዲህ ያለው እውነት ግን ከውሸት ይከፋል፤ እያወቀች ነው የተናገረችው። ያቺ «ተባረኪ» የምትል ቃል አንድ አፍታ ልቧን ቆንጠጥ አድርጋት ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም። እትዬ ልክም ጸሎቱን ትታ ቂሟን ያዘች።

የደንብ ልብሱ የሚታይበት ቀን ቅዳሜ መሆኑን ከአጣቢዋ ሰምታለች። ጠዋት ታጥባ፣ ደህናውን ኮቷን ለብሳ፣ ሜትሯን ከኮሌታዋ ሥር አድርጋ አውቶቡስ ያዘች። አንድ ዓይነት ቤቶቹ ወደ ኋላ ቀሩ፣ ሜዳው አለቀ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ሰው በሰው ላይ መጋፋት ጀመረ። አንዱ እግሯን ረግጧት ይቅርታ ሳይላት አለፈ። ነፍሷ መለስ አለች።

በሆቴሉ አዳራሽ አርባ ሁለቱ ሠራተኞች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። የአስተናጋጆቹ እጅጌ ጣታቸውን ውጦ ትሪውን በጨርቅ ነው የያዙት። የወጥ ቤቱ አለቃ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ሰላምታ ይሰጣል። የበር ጠባቂው አንገት ከኮሌታው መሃል እንደ ጉድጓድ ውኃ ርቆ ይታያል፤ የኮቱ ትከሻም ከሰውየው ትከሻ አልፎ ሄዷል። አጣቢዋ ከኋላ ረድፍ የወንድሟን ልብስ የሰረቀች ልጅ መስላ ቆማ ዓይኗን ጠቀሰቻት። ሚጡ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አመድ መስላ፣ መሬት መሬት ታያለች።

የእትዬ ልክ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ልትችለው አልቻለችም፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሳቀች።

ባለሆቴሉ ዘወር አለ። ወፍራም፣ ድምፁ ከደረቱ የሚወጣ ሰው ነው።

«ምን ያስቃል? የለካሻቸው አንቺ አይደለሽ?» ደብተሩን ከሚጡ እጅ ነጠቀ። «ይኸው ጽሑፍሽ! እህትሽ እውነቷን ነበር ለካ። ዓይንሽ ጠፍቷል፤ ያውም አምና ነው የጠፋው!»

ሳቋ ተቋረጠ። ሁሉን አስባ ይቺን ብቻ አላሰበችም። ጽሑፉ የእሷ ነው፣ ቁጥሩ የእሷ ነው፤ ዝም ብትል ሚጡ ያወራችው ሁሉ በአርባ ሁለት ምስክር ሊፀድቅ ነው። ዝም አላለችም። ሜትሩን ከኮሌታዋ ሥር መዝዛ አወጣች።

«አንተ በር ጠባቂ፣ ኮቱን አውልቀህ ና። ደብተሩ የዚህን ሰው ትከሻ ስንት ይላል ጋሼ?»

«ሃምሳ።»

ዘረጋችበት። «የእኔ ሜትርስ? መነጽርዎን ያድርጉና ይዩ።»

ባለሆቴሉ ጎንበስ አለ። «ሃምሳ።»

«አሁን የእህቴን ቢጫ ሜትር ይዘርጉበት።»

ባለሆቴሉ ዘረጋ፣ አየ፣ እንደገና አየ። «አርባ ስድስት ይላል…»

«የእኔ ከአራት ነው የሚጀምረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚሁ ለክቼ በዚሁ ቆርጬያለሁ። እርስዎንም ጭምር። አንድ ቀን የማይሆን ልብስ ለብሰው ያውቃሉ?»

ሠራተኞቹ ተንጫጩ። ሚጡ ቀስ ብላ ቀረበችና ጥቁር ጨርቅ የተከፈፈውን የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ያዘችው።

«ስደውልልሽ ታውቂ ነበር» አለች።

«እንደተጻፈው ቁረጪ አልኩሽ። ዋሸሁ?»

«አልዋሸሽም» አለች ሚጡ። ዓይኗን ከሜትሩ ጫፍ አላነሳችም። «አልዋሸሽም፣ እትዬ።»

ባለሆቴሉ ሆቴሉን የሚከፍተው ረቡዕ ነበር። ያኔውኑ ቁርጡን ተናገረ፤ ልብሱ እስከ ረቡዕ ይስተካከል፣ ሱቁም ለባለሙያዋ ይመለስ። ሁለቱ እህትማማቾች ሦስት ቀን በዚያች ጠባብ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው ሠሩ። እትዬ ልክ የሚጠበውን ቦታ በመርፌ ትይዛለች፣ ሚጡ ትሰፋለች። «መቀስ»፣ «እንኪ»፣ «ክር»፣ «እንኪ»፤ ሌላ ቃል የለም። በሦስተኛው ቀን ብቻ እትዬ ልክ አላስችል አላት።

«ደግነቱ ተልቆ ነው የተቆረጠው» አለች፣ የበር ጠባቂውን ኮት እያራገፈች። «ትልቅ ልብስ ይጠባል። አንሶ ቢሆን ኖሮ አበቃልሽ። ያነሰን ማንም አያድነውም።»

ሚጡ ከስፌቷ ቀና አለች። በአሥራ አንድ ዓመት የሰማችው የመጀመሪያ የመቁረጥ ትምህርት ነበር። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ልብሱ ሲያልቅ እትዬ ልክ አስረክባ ምስጋናዋን ልትቀበል ደህናውን ኮቷን ለበሰች። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ከመስታወቱ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ ማንን ፈርታ ትደብቀዋለች? ምስጢሩን እንኳን ሚጡ አርባ ሁለት ሰው አውቆታል። በሆቴሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። «ልክ!» እያለች የአርባ ሁለቱንም ጀርባ መታች። ስትመለስ ሚጡ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ ልክ የዳር ሰፈሩን ሱቅ ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ይህን ቀን ሁለት ወር ሙሉ በልቧ ስትለማመደው ኖራለች።

«በይ» አለች ቁልፉን መዳፏ ላይ እየጣለች። «አየሩ ጥሩ ነው። ፀጥታ ነው። ለዓይን ጥሩ ነው።»

«ደህና ሁኚ፣ እትዬ» አለች ሚጡ። አላለቀሰችም። እትዬ ልክ ብታለቅስላት ደስ ይላት ነበር።

ብድር በምድር ተመለሰ። በሳምንቱ ሰሌዳው እንደ ጥንቱ ተቀባ፣ ጸሐፊው በምሳ ሰዓቱ መጣ፣ ነርሷ ይቅርታ ጠየቀች። የሚያሳጥር፣ የሚያጠብ፣ ዚፕ የሚያስቀይር ሞላ። ባለሆቴሉም አንድ ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ራሱ ይዞ ወረደ። ሲፈታው ደማቅ ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ነው፤ ሲነኩት ከእጅ ያመልጣል።

«ባለቤቴ ናት የገዛችልኝ» አለ። «ለልጃችን ሠርግ ትለብሰዋለህ ብላ አስቀመጠችው። እሷ አልደረሰችበትም። ሠርጉ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ነው።» ትንሽ አመነታ። «ልትለኪኝ ይገባል ይሆን? ከዚያ ነገር በኋላ…»

«ጋሼ፣ እርስዎ አልጨመሩ አልቀነሱ። አንዴ የለካሁትን ሰው ሁለተኛ አልለካም» አለች። እንዴት ትለካዋለች? እንደገና መለካት ደብተሬን ተጠራጠርኩ ማለት ነው፤ ደብተሯን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያስመሰከረችው ገና በቅርቡ ነው።

ጨርቁ ለአንድ ሰው ልክ የሚበቃ እንጂ የሚተርፈው አልነበረም። ከተመለሰች ወዲህ ከደብተሩ አይታ የምትቆርጠው የመጀመሪያው ልብስ ስለሆነ በሩን ዘግታ፣ ጠመኔዋን ቀርጻ፣ ሜትሯን ዘርግታ በጥንቃቄ ቆረጠችው። ከቁራጩ የቀረው አንድ መሐረብ አይሠራም። አሥር ቀን ብቻዋን ሰፋችው። የቁልፍ ቀዳዳው የሚጡን ያህል አላማረላትም፤ ያንን ማን ያያል ብላ አለፈችው።

ባለሆቴሉ ዓርብ አመሻሹ ላይ መጣ። ኮቱን አለበሰችው። እጆቹን ሲያስገባ ጀርባው ላይ ተወጠረና ቆመ። ጎተተችለት። እጅጌው ከእጁ አንጓ በላይ ቀረ፣ ኮሌታው አንገቱን ያዘው፣ ቁልፉና ቀዳዳው በሩቁ እየተያዩ ቀሩ። «ልክ!» የምትለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር፣ አልወጣችም። ሰውየው መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ። አልጮኸም። መጮኹ ይሻላት ነበር።

«እትዬ ልክ» አለ በቀስታ፣ «ዓይንሽን ታከሚ።»

ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው፤ ጨርቁን አንድ ጊዜ በመዳፉ ዳበሰውና ወጣ።

እትዬ ልክ በሩን ዘጋች። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ መብራቱ ሥር ወሰደችው። ጥቁሩ ጨርቅ እንደነበረ አለ። ስፌቱ ግን የእሷ አይደለም፤ ክሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ ዓይን አያገኘውም። ከጥቁሩ ጨርቅ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አነበበች። አራት የነበረው ስምንት ይላል። አራት ለአራት።

ስልኩን አነሳች። ቶሎ አልተነሳም። ሲነሳ ከሚጡ ድምፅ በፊት የሌሎች ሴቶች ሳቅ፣ የስፌት መኪና ጩኸት፣ «ተራዬ ነው» የሚል ክርክር ተሰማ። ሰዓቱን አየችው፤ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። በዳር ሰፈር ሳለች በዚህ ሰዓት ሱቋን ከዘጋች አንድ ሰዓት ይሆናት ነበር።

«እትዬ? ቆዪኝ፣ ሰው በዝቶብኛል። አውቶቡሱ አሁን ገና አራግፏቸው ነው። እሁድማ ብታዪ በሩ አይዘጋም።»

«ሜትሬን ነክተሻል?»

በዚያኛው ጫፍ የስፌት መኪናው ቆመ።

«የባለሆቴሉ ልብስ ነው?» አለች ሚጡ። አጣቢዋ ነግራታለች ማለት ነው።

«ሚጡ! ሜትሬን ነክተሻል ወይ ነው የምልሽ! የሟች ሚስቱ ጨርቅ ነው፣ ሌላ የለውም! ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው!»

«እትዬ፣ አትጩኺ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እንዴት አድርገሽ ነው የቆረጥሽው?»

እትዬ ልክ የሜትሩን ጥቁር ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እንደተጻፈው» አለች።

«ታዲያ ልክ ነዋ» አለች ሚጡ፣ ስልኩንም ዘጋችው።